መኪናዋን ሊወስዷት ነው

የእናቴ የስፌት መኪና የታመመችው ትምህርት ቤት ሊከፈት ሰሞን ነው። «ታመመች» የምለው እኔ ነኝ፤ እናቴ «አረጀች» ነበር የምትለው። ገና ሰባት ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ነበርኩና ለእኔ መታመምና ማርጀት አንድ ነበሩ። ሁለቱም ትልልቅ ሰዎችን በር ላይ አቁመው በሹክሹክታ ያስወራሉ።

የምንኖረው በመጋረጃ የተከፈለች አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋችን፣ ወዲህ መኪናዋ። መኪናዋ ጥቁር ናት። አንገቷ ላይ በወርቃማ ቀለም የተሣለው አበባ በስንት ሰው እጅ ታሽቶ ጠፍቶ አንድ ቅጠል ብቻ ቀርቶለታል። እናቴ ሳትወለድ የተሠራች ናት ይባላል። ከሥር ሰፊ ፔዳል አላት፤ ከታች ካለው ትልቅ ጎማ ወደ ላይኛው ትንሽ ጎማ የሚዞረው ቺንጋ ደግሞ የአባቴ የሱሪ ቀበቶ ነበር። እናቴ በቁመቱ ሰንጥቃ፣ አቅጥና፣ ጫፍና ጫፉን በሽቦ አያይዛው ነው። አባቴን አላውቀውም፤ ዳዴ ስል ነው የሞተው። ቀበቶውን ግን በየቀኑ ሲዞር አየው ነበር።

እናቴ ያቺን መኪና ያኖረቻት እንዲህ ከዚህም ከዚያም እየለቃቀመች ነው። አዲስ ዕቃ መግዛት የሚባል ነገር አናውቅም። የታችኛውን ክር የምትጠቀልለው ጎማ ስታልቅ ከብስክሌት ጎማ ቀለበት ቆርጣ ታለብሳታለች። መርፌው ሲደንዝ በለስላሳ ድንጋይ ትስለዋለች። ጨርቁን ከሚጎትቱት ጥርሶች መካከል የሚጠራቀመውን ብናኝ በዶሮ ላባ ትጠርጋለች። የመኪና ዘይት እንኳ አታፈስም፤ የሹራብ መሥሪያ ሽቦ ጫፍ ነክራ ጠብ ታደርጋለች። የምግብ ዘይት ግን እንዳላስነካት አስምላኛለች። «ይደርቅና አንጀቷን ያጣብቀዋል» ትለኝ ነበር። አንጀት ካላት ነፍስም አላት ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

መርፌው ላይ ክር የማስገባት ሥራ የተሰጠኝ በዚያው ዓመት ነው። አንድ ቀን እናቴ የክሩን ጫፍ በምራቋ እያሾለች፣ እየሞከረች፣ እንደገና እያሾለች ቆየችና ድንገት ተወችው።

«ነይ እስቲ ዓይኔ» አለችኝ። «አንቺ ጣትሽ ቀጭን ነው።»

በአንድ ጊዜ አስገባሁላት። ከዚያ ወዲያ ሥራው የእኔ ሆነ። ሹመት ነበር የመሰለኝ። የጎረቤት ልጆች እየመጡ ሲጠሩኝ «ሥራ አለብኝ» እላቸው ነበር፣ ወገቤን ይዤ።

ሌላም ነገር ነበረ። እናቴ መስኮቱን መጥረግ አበዛች። ስፌቷን አቋርጣ ትነሳና ጨርቅ አርጥባ መስታወቱን ትፈትገዋለች። «ይሄ አቧራ ቤቱን አጨለመው» ትላለች። አምፖሉን ለወጠችው፤ አልበቃትም። በመጨረሻ መኪናዋን እየገፋን በሩ ሥር አመጣናት። እናቴ ንጹሕ ሰው ናት ብዬ እኮራ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን መስኮቱ ንጹሕ ነበር። ለእኔ ማዶ ያለው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሳይቀር ይታየኝ ነበር።

*

ያን ሰሞን የያዝነው ሥራ የተማሪዎች ዩኒፎርም ነበር፤ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ኮሌታው ዙሪያውን የተሰፋ። የትምህርት ቤቱ ሴትዮ ጨርቁን ቆርጣ ታመጣለች፣ እናቴ ትሰፋለች። ከዓመት ዓመት የምንኖረው በዚያ ሥራ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ሴትዮዋ ባለፈው የወሰደችውን እሽግ እንዳለ ይዛ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

«እስቲ እይው» አለች። «ኮሌታው ተጣሟል። ይሄኛው ጨርሶ ስፌቱ ጨርቁን አልያዘውም። ይሄን ደግሞ በጥቁር ክር ነው የሰፋሽው! ምን ነካሽ? አንቺ እኮ እንዲህ አልነበርሽም።»

እናቴ ሸሚዙን ወደ ፊቷ አስጠጋችው። በጣም አስጠጋችው፤ የምታሸተው ነው የሚመስለው።

«መኪናዋ ናት» አለች። «አርጅታ አስቸገረችኝ። አስጠግናታለሁ። ፈትቼ እንደገና እሰፋዋለሁ፣ እርስዎ ብቻ ትንሽ ይታገሡኝ።»

«ትምህርት ቤቱ ሊከፈት እኮ ነው! ካልሆነ ደግሞ ንገሪኝና ለሌላ ሰው ልስጠው።»

«ይሆናል። ይሆናል አልኩዎት።»

ጥቁሩን ክር ያስገባሁት እኔ ነበርኩ። ያቀበለችኝ ግን እናቴ ናት። ስታቀብለኝ «ለምን ጥቁር?» ብዬ አልጠየቅኩም፤ እናት አትሳሳትማ። ስለዚህ ጥፋቱ በሙሉ የመኪናዋ ሆነ። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ እናቴ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔም መኪናዋን በጎሪጥ አየኋት። ብትሞትብን ምን እንበላለን? ይሄ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሮኝ ተኛ፣ አብሮኝ ተነሳ።

*

ጋሽ ዘይቴ የመጣው በማግስቱ ነው። የሰፈሩን የስፌት መኪና ሁሉ የሚጠግነው እሱ ነበር። ደርሶ ከመታየቱ በፊት የዘይት ሽታው ስለሚቀድመው ነው እንዲህ ያሉት፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ካለ ሚስቱ ትሆናለች። መሣሪያዎቹን የሚይዘው በተቆለመመ የምሳ ዕቃ ውስጥ ነው፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ሞረድ።

መኪናዋን ብሎን በብሎን ፈታት። እያንዳንዷን ብረት ነጭ ጋዝ ውስጥ እየነከረ በጥርስ ብሩሹ አሸት አሸት አድርጎ ጋዜጣ ላይ ደረደራት። እኔ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ የሚሰረቅ ነገር እንዳይኖር እጠብቃለሁ። መልሶ ገጠማት፣ ዘይት ጠብ ጠብ አደረገላት፣ ጎማዋን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው። ድምፅ እንኳ ሳታሰማ ዞረች። ቁራጭ ጨርቅ አስገብቶ ሰፋ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር።

«ኧረ ይቺ እኔንም አንቺንም ትቀብራለች!» አለ። «በይ አንቺ ስፊ።»

እናቴ ተቀመጠች። ትንሽ እንደሄደች መስመሩ ወደ ጎን ሸሸ፤ ከዚያም ከጨርቁ ጠርዝ ወጥቶ መርፌው ባዶውን ወጋ። እናቴ ግን ፔዳሉን መርገጧን ቀጠለች።

ጋሽ ዘይቴ መጀመሪያ ጨርቁን አየ። ቀጥሎ የእናቴን ፊት አየ። ብዙ አየው።

«ልጄ» አለኝ ዘወር ሳይል፣ «ውጪ ሂጂና አንድ ላባ ፈልጊልኝ።»

ሄድኩ። ግን መስኮቱ ሥር ነው የሄድኩት።

«መኪናዋ ምንም የላትም» ሲል ሰማሁት።

«አውቃለሁ» አለች እናቴ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል። ቀስ በቀስ ነው የመጣው። ጭስ ውስጥ ያለሁ ነው የሚመስለኝ።»

«ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«ማን ይወቅ? ቢታወቅስ ማን ጨርቁን ይሰጠኛል?»

ከዚያ ጋሽ ዘይቴ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እንግዲያው መኪናዋ ናት እንበል» አለ። «እኔ ነኝ ሳላስተካክል የገጠምኳት እላለሁ።»

ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነበር፤ ሰውየው መጠገን አቅቶታል። «ምንም የላትም» ማለቱም አላጽናናኝም። ለጎረቤታችን ለእንጨት ሠሪውም ሐኪሙ «ምንም የለብህም» ብሎት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ነው የሞተው። ጭሱን ደግሞ መኪናዋ ከሆዷ የምታወጣው አድርጌ ወሰድኩት፤ ቀርቤ ሳሸት ግን ነጭ ጋዝ ብቻ ሸተተኝ።

ላባውን ይዤ ስገባ ያየሁት ነገር አስጮኸኝ። ጋሽ ዘይቴ የመኪናዋን የላይኛውን ጎማ በሞረድ እየቆረጠው ነው!

«እማ! አበላሻት!»

«ተይው ዓይኔ፣ እያወቀ ነው» አለች እናቴ።

ጎማው ጠርዝ ላይ ጣት የሚያርፍባት ትንሽ ጎድጓዳ አወጣ። ከዚያ ከአሮጌ የበር ማጠፊያ የቆረጣትን ብረት ከመርፌው በስተቀኝ በብሎን አሰራት። «ጨርቁን እዚህ ላይ አስጠግተሽ ብቻ ንጂ» አላት። «ጎድጓዳዋ ወደ አንቺ ስትመጣ መርፌው ጨርቁ ውስጥ ነው። ጣትሽ ይንገርሽ።» እናቴ እየደጋገመች ነካካችው። ስትሰናበተው እጁን ይዛ አልለቅ አለች። አዳኝ ያገኘች መስሏታል፣ የተቆረጠብንን አላወቀችም ብዬ አዘንኩላት።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ዘይቴ የትምህርት ቤቱን ሴትዮ መንገድ ላይ አስቁሞ፣ እኔ እየሰማሁ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መርፌዋን አጣምሜ ነበር የገጠምኩት» አላት። ሴትዮዋ የምትለውን አለችው። አንገቱን ደፍቶ ሰማት። እኔም «ይበልህ» አልኩ በሆዴ። ሲያልፍ ሰላም አልለውም ነበር። እሱ ግን በራችን ጋ ሲደርስ ኮፍያውን ብድግ ያደርግልኝ ነበር፣ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው።

ካደግኩ በኋላ ነው እናቴ የነገረችኝ። ሴትዮዋ ነገሩን ለሰው ሁሉ አውርታው ያን ሰሞን መኪናቸውን ወደ ሌላ ጠጋኝ መውሰድ የጀመሩ ብዙ ነበሩ። ጋሽ ዘይቴ ግን ለአንዳቸውም «እንዲህ ነው ነገሩ» አላለም።

*

እታለም የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ እንዲያ ስለምትጠራት እኔም እታለም ነው የምላት። ራቅ ካለ ሰፈር ነው የምትኖረው፤ ከመጣች አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በዝናብ መጣች። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ ላይ ሆኜ የተኛሁ መሰልኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ በረድ ሲል ይሰማኛል፣ ሲበረታ ንግግራቸውን ይውጠዋል።

«... እኔ እወስዳታለሁ አልኩሽ እኮ» አለች እታለም።

«ያለሷ እንዴት እሆናለሁ እታለም? እስካሁንም የሠራሁት በእሷ ነው።»

ዝናቡ በረታ። ከዚያ፦

«... ቦታ አይጠፋም። መስኮቱ ሥር አደርጋታለሁ።»

«ለሰው እጅ እንዳትሰጪብኝ ብቻ።»

«ምን ሆነሻል! እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምይዛት።»

«አንዳንዴ ትጮሃለች። ያኔ ትንሽ እሽት እሽት ካደረግሻት ዝም ትላለች።»

«አውቃለሁ፤ ሕፃን ሆና ...» አለችና እታለም፣ የቀረውን ዝናቡ ወሰደው።

ብርድ ልብሱን እስከ አናቴ ሳብኩት። መኪናዋን ሊወስዷት ነው! ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። ስትደርቅ የምትጮኸው እሷ ናት፤ እናቴ በዘይት ጨርቅ እሽት እሽት ስታደርጋት ነው ዝም የምትለው። እናቴ የምትሠራው በእሷ ነው። ሕፃን ነበረች የተባለው ብቻ ትንሽ አስቸገረኝ፤ እሱንም መኪናም ስትሠራ ትንሽ ሆና ትጀምራለች ማለት ነው ብዬ አለፍኩት።

«ለእሷስ መቼ ትነግሪያታለሽ?» የሚል ነገር የሰማሁ መሰለኝ። ለመኪና ምን ይነገራል? በደንብ አልሰማሁም ብዬ ተውኩት።

እታለም ስትሄድ ግንባሬን ሳመችኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እንደተኛሁ ሆንኩ። ሌባ የሳመኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

*

በማግስቱ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ከቁርጥራጭ ጨርቁ ዘንቢል ውስጥ ቀይ ቀዩን መረጥኩ። ገመድ አድርጌ ጎነጎንኩት። አንዱን ጫፍ በመኪናዋ የብረት እግር፣ ሌላውን በአልጋው እግር አሰርኩ፤ አስሬ አስሬ ሌላ ቋጠሮ ጨመርኩበት። ማንም ቢመጣ ከአልጋው ጋር ካልሆነ መኪናዋን ይዞ አይወጣም። አልጋው ደግሞ በበሩ አያልፍም፤ ሲያስገቡት ፈታትተው እንደሆነ ሰምቻለሁ።

እናቴ ባዶ ባልዲ ይዛ ተመለሰች፤ ቧንቧው ውኃ አልነበረውም። ፀሐዩ በበሩ ገብቶ ወለሉን አብርቶታል። ቀዩ ገመድ በመካከል ተወጥሮ ቆሟል። ዕውር እንኳ ያየዋል እል ነበር። እናቴ ቀጥ ብላ መጣች፣ አልተሻገረችውም፣ አልዞረችውም፤ እግሯ ያዘውና በእጇና በጉልበቷ ወደቀች። ባልዲው እየተንኳኳ ተንከባለለ።

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ገመዱን በእጇ ፈለገችው። አገኘችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችው፤ የመኪናዋን እግር፣ ቋጠሮዎቹን።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ገመድ» አልኩ።

«ምን ዓይነት?»

«ቀይ።»

ገመዱን ወደ ፊቷ አስጠጋችው። ያኔ ከአፌ አመለጠኝ፤ «አይታይሽም እንዴ፣ እማ?»

መኪናዋ ላይ ተደግፋ ቆየች። ልትዋሸኝ እንደፈለገች ዛሬ አውቃለሁ። የማስመሰል ፈገግታዋ ከንፈሯ ላይ መጥቶ ነበር።

«አይታየኝም» አለች በመጨረሻ። «ጥላ ጥላሽ ነው የሚታየኝ። ዓይኔ ላይ ሞራ ወጥቶበታል። አይዞሽ፣ የሚያወጡ ሐኪሞች አሉ። በነጻ ነው፤ ሩቅ ከተማ ነው እንጂ። ወረፋ ይዤ እዚያው መጠበቅ አለብኝ።»

«መኪናዋንስ ለምን ትሰጫታለሽ? ለእታለም?»

«የትኛዋን መኪና?»

«እወስዳታለሁ ስትልሽ ሰምቻለሁ! መስኮቱ ሥር አደርጋታለሁ ስትልሽ!»

እናቴ መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሆነ። እጇን ዘርግታ ፈለገችኝና ወደ ደረቷ ሳበችኝ።

«አንቺን ነው እኮ» አለች ጸጉሬ ውስጥ። «አንቺን ነው የኔ እናት። ጋሽ ዘይቴ መኪናዋን ይጠብቅልኛል። አንቺን ነው የሚጠብቅልኝ ያጣሁት።»

በሌሊት ቅዠት የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ስታሻሸኝ ዝም የምለውም እኔ።

*

የቀረውን ሸሚዝ ሦስታችን ሰፋነው። ጋሽ ዘይቴ ከሰዓት ከሰዓት ይመጣል፣ በሩን ገርበብ እናደርጋለን። ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲጠግን ኖሮ አንድ እጅጌ ሰፍቶ አያውቅም። ላብ እያጠመቀው ይሰፋል፤ እናቴ ከኋላው ቆማ በጆሮዋ ትመራዋለች።

«ክሩ ጠብቋል፣ አላላው። አይሰማህም ስትቃተት?»

«እኔ የምሰማው የወገቤን ነው» ይላል።

«ይሄ እጅጌ ለዝሆን ነው ለልጅ?» ትለዋለች በእጇ ዳስሳ።

«ትምህርት ቤቱ ማን ማንን እንደሚቀበል በምን አውቄ።»

ያን ቀን ሳቅኩ፤ ኮፍያውንም ከወለል አንስቼ ሰጠሁት። ግን ሳቃችን ረጅም አልነበረም። ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ ጋሽ ዘይቴ በሌለበት ቀን፣ የትምህርት ቤቱ ሴትዮ ሳትነግረን መጣች። የተሰፋውን አገላበጠች። አልከፋትም። ከዚያ ያልተሰፋ ኮሌታ ከክምሩ መዝዛ ለእናቴ ዘረጋችላት።

«ያለፈው እንዳይደገም፣ ይቺን እዚሁ እያየሁ ስፊልኝ።»

እናቴ እጇን የዘረጋችው ትንሽ ወደ ጎን ነበር። እኔ ፈጠን ብዬ ኮሌታውን ተቀበልኩና መዳፏ ላይ አደረግኩላት።

«ጎበዝ ልጅ» አለች ሴትዮዋ።

«ዓይኔ፣ ክር» አለች እናቴ። ድምፁ የእናቴ አይመስልም። ሰማያዊውን መርጬ አስገባሁ። እናቴ ተቀመጠች፤ የኮሌታውን ጠርዝ ከማጠፊያው ብረት ጋር አስጠግታ ፔዳሉን ረገጠች። ብረቱ ቀጥ ያለውን ያስኬዳታል። የኮሌታው ጫፍ ላይ ግን ቆሞ መዞር አለ፤ ጫፉ መቼ እንደሚደርስ ብረቱ አይናገርም። በጣቷ ልትለካው ብትሞክር ደግሞ ሴትዮዋ አናቷ ላይ ቆማለች።

ጉልበቷን ተደግፌ ቆምኩ፣ ለእናቱ እንደሚለጠፍ ልጅ። መርፌውን መሽቶበት የቀረ ሰው አውቶቡስ እንደሚጠብቅ አፍጥጬ ጠበቅኩት። ሲቀርብ፣ ሲቀርብ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ጭኗን በጣቴ ጫን አደረግኩት።

ቆመች። አውራ ጣቷ ጎማው ላይ ያለችውን ጎድጓዳ ፈለገች፤ አገኘቻት፤ ወደ ራሷ ሳበቻት። ጨርቁን አዞረች። ቀጠለች። በሁለተኛው ጫፍም እንዲሁ።

ሴትዮዋ ኮሌታውን ወስዳ በሩ ላይ በብርሃን አየችው። በጥፍሯ ስፌቱን ፈተሸችው።

«አሁን እጅሽ ተመለሰ» አለች።

«መኪናዋ ነበረች እኮ» አለች እናቴ።

ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ የእናቴ እግር ፔዳሉ ላይ እየተንቀጠቀጠ መኪናዋን ባዶዋን አስጮሃት፤ ክሩ እስኪበጠስ።

*

እናቴ ለዓይኗ ወደ ሩቁ ከተማ ስትሄድ እታለም ቤት መስኮቱ ሥር ነው አልጋዬ የተዘረጋው። ስጮህ ጀርባዬን እሽት እሽት ታደርገኛለች፤ እጇ ግን የሌላ ሰው እጅ ነው። «እማ መቼ ነው የምትመጣው?» ስላት «ትመጣለች» ነው መልሷ። ትምህርት ቤት ገባሁ፣ የፊት ጥርሴ ወለቀ፣ ሌላ በቀለ፤ እሷ አልመጣችም። አንድ ቀን እታለም ከጎረቤት ስልክ ተነጋግራ ስትመለስ ለባሏ «አንደኛው አልሆነም» ስትለው ሰማሁ። ፊታቸውን አይቼ ለመጠየቅ ፈራሁ። ሁለተኛ ዓይን እንዳለ ልቤ አላሰበም። እናቴ ጨርሳ ታውራለች፣ ጥላዬንም አታይም፣ በልጅነት ፊቴ ብቻ ታስታውሰኛለች ብዬ በየቀኑ መስታወት ፊት ቆሜ እንዳልለወጥ እጸልይ ነበር።

ከትምህርት ቤት የተመለስኩ አንድ ቀን ግቢው በር ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ከስታለች። ወፍራም መነጽር አድርጋለች፤ የግራው መስታወት ጥቁር ነው። እኔ ከኋላዋ መንገዱ ላይ ነበርኩ፤ ኮቴዬን ሰምታ ዘወር አለች።

መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። «እማ» ብዬ ብጠራት በድምፄ ታውቀኛለች፤ ያ ደግሞ ምንም አይነግረኝም። ቦርሳዬን አቅፌ፣ አፌን ገጥሜ፣ መንገዱ መሐል ቆምኩ። አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አደረገች። ሌሎች ልጆች በአጠገቤ እየተንጫጩ አለፉ። ለእያንዳንዳቸው ዓይኗ አልተንቀሳቀሰም። እኔ ጋ ቆሟል። ከፊቴ ወደ ታች ወረደ፣ እስከ ጉልበቴ።

«ቀሚሱ አጠረብሽ» አለችኝ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሳላስበው ግንባሬ ሆዷ ላይ ነበር። ስንረጋጋ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠችና የቀሚሴን ጫፍ ገለበጠችው። ከመሄዷ በፊት በዳሰሳ የሰፋችልኝ ቀሚስ ነው። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሳበችው። እጥፉ ተፈታ። ከእጥፉ ውስጥ ሌላ እጥፍ ነበረ፤ ከእሱም ውስጥ ሌላ። ጨርቁ ወረደ፣ ወረደ፣ ቁርጭምጭሚቴን አልፎ አፈር ነካ። ልጅ በአንድ ወቅት ያን ያህል አያድግም። ያን ያህል ትርፍ የሚተው፣ ዳግመኛ እሰፋለሁ ብሎ ያልተማመነ ሰው ብቻ ነው።

እታለም ከቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«መቀስ አምጪልኝ» አለቻት እናቴ።

«ምን ልታደርጊበት?»

«ልቆርጠው። ከብዷታል።»

«ኧረ ምን ያለችው ናት! ይሄን የመሰለ ጨርቅ! እጠፊውና ለከርሞ ይሁናት እንጂ!»

እናቴ ቀና ብላ በአንድ ዓይኗ አየቻት፤ ከዚያ እኔን።

«ለከርሞማ» አለች፣ «ሌላ እሰፋላታለሁ።»